ሁለተኛው ክርስትናዬ

እኔ ሁለት ጊዜ ክርስትና የተነሳሁ ሰው ነኝ፤ አንዱን እንደማንኛውም ወንድ ልጅ በአርባ ቀኔ፣ ሁለተኛውን ግን ከአውሮፕላን። ሳቁ፣ እስካሁን ማንም አምኖኝ አያውቅም። ትኩስ አመድ ላይ ውሃ ሲደፋ የሚነሳው ሽታ አፍንጫዬን በመታው ቁጥር ግን ያ ቀን ተመልሶ ይመጣብኛል።

ሰኔ ላይ ተምች ሰብሉን ሲፈጀው፣ መድኃኒት የምትረጭ ባለ አንድ ሞተር ቢጫ አውሮፕላን ባሕር ዳር መጣችና፣ የሚያበራት ካፒቴን ከጎረቤታችን ከነሲሳይ ግቢ ቤት ተከራየ። ሲሳይ እኩያዬ ነበር። ካፒቴኑ ጠዋት ይዟት ሲነሳ በጣሪያቸው ላይ ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን አዘንብሎ ሰላም ብሏቸው ያልፍ ነበር፤ ሲሳይም ባጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «አየኸው? ለኛ ነው፤ ለናንተ ጩኸቷን ትቶላችኋል!» ይለኝ ነበር። እርር ድብን እል ነበር። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ እንኳ ከኛ ጣሪያ ይልቅ የነሱን የሚወደው ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ እናቴን «እኛም ቤት እናከራይ» ብዬ ለመንኋት።

«የቱን? ዶሮዎቹን አስወጥተን?»

ዶሮዎቹንም ጠመድኋቸው።

መጋቢት ላይ ከሰፈራችን በላይ ያለው ኮረብታ ደረቅ ሳሩ በእሳት ተያያዘና፣ ንፋሱ ነበልባሉን ወደ ቤቶቻችን ይነዳው ጀመር። ጎልማሶቹ በቅጠል ሲቀጠቅጡት፣ እዚያው የከረመችው ያች አውሮፕላን በመድኃኒቱ ፋንታ ሆዷን የጣና ውሃ ሞልታ መጣች። ሲሳይ «አሁን ሰላም ይለኛል!» ብሎ እጁን ሲያወናጭፍ፣ እኔ ለመቅደም የእናቴን ነጠላ ከገመድ ላይ ነጥቄ፣ ዳገቱን ወጥቼ እሳቱ አፋፍ ላይ አውለበለብሁ። ለካስ ጎልማሶቹ ካፒቴኑን «ነጭ ጨርቅ ካየህበት ላይ ድፋው» ብለውት ኖሯል! አውሮፕላኗ ዞረች፣ ወረደች፣ ሆዷን ከፈተች፤ ውሃው እኔንም ነጠላውንም እሳቱንም ጠቅልሎ ጣለን። የተረፈውን ጎልማሶቹ አጠፉት፤ ሰፈሩን ያዳንሁት ግን እኔ ነኝ።

ሲሳይ ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ «ለኔ ሰላምታ፣ ላንተ እጥበት!» አለኝ።

«ዝም በል! ክርስትና ነው ያነሳኝ። ካፒቴኑ የክርስትና አባቴ ነው፤ አንተ አከራዩ ነህ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። የኔን ቅናት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ላይ አየሁት፣ ያምር ነበር።

መሪጌታ አባቴ ግን ጥቁር ውሃ እያንጠባጠብሁ ስገባ አይተው፣ «እኛ የምናምነው በአሐቲ፣ በአንዲት ጥምቀት ነው ልጄ፤ ይኼ መታጠብ ነው፣ እሱም ቆይቶብህ ነበር» አሉ።

በማግስቱ ካፒቴኑ ሲነሳ በኛ ጣሪያ ላይ ዝቅ ብሎ ክንፉን አዘነበለ። ሲሳይ ባጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ለዶሮዎቻችሁ ነው» አለኝ።

ዛሬ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ለማንም ሳያዘነብሉ ያልፋሉ፤ የኔም የሲሳይም ጢም ሸብቷል። የአውሮፕላን ድምፅ ስሰማ ግን ዓይኔ አሁንም ቀድሞ የሚሮጠው ወደነሲሳይ ጣሪያ ነው። ካላመናችሁ ሂዱና ሲሳይን ጠይቁት። «ውሸቱን ነው» ብሎ ከነገራችሁ ቀንቶ ነው፤ ቅናትን እኔ አውቃታለሁ፣ አብራኝ ነው ያደገች።