በእኔ ቋጠሮ የታሰረ የሰው መንጠቆ

ከማል ስሜን ሰረቀኝ። ሌላ ለስላሳ ቃል አልፈልግለትም።

ትናንት ጠዋት እዚህ በሰው አገር፣ ንቲንዳ በሚባለው ሰፈር ያለችውን የዓሣ ማጥመጃ ሱቄን ልከፍት ስመጣ ካቶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ካቶ ደሴት ላይ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነው። ስንት ዓመት በስልክ ያዛል፣ እኔም በአውቶብስ እልክለታለሁ። በእግሩ መጥቶ ግን አያውቅም።

ከኪሱ አምስት መንጠቆ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። ሁሉም እንደ ሚስማር ቀጥ ብለዋል...

«ሙዜ፣» አለኝ፤ በእነሱ አገር ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚጠራው። «ዓሣው አቃንቷቸው ሄደ። ምንድነው የላኩልኝ?»

«ይሄ የኔ ዕቃ አይደለም።»

«ከቡኮቶው ሱቅዎ ነው ያዘዝኩት። መላኪያው ነፃ ነው አሉኝ።»

ቡኮቶ ሌላ ሰፈር ነው፤ እዚያ ሱቅ የለኝም። ይህን ስለው ጥቅሉ የታሰረበትን ሲባጎ አወጣ... የእኔ ቋጠሮ!

ያን ቋጠሮ ማንም ሳያስተምረኝ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በምላጭ ካልተቆረጠ አይፈታም፤ መንገድ ላይ ማንም ከፍቶ ዕቃ አይለውጥበትም። ለደንበኞቼ ሁሉ «ቋጠሮው ካልተነካ ለውስጡ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብያለሁ። ብያለሁ!

ካቶን እዚያው አስቀምጬ በቦዳ ሞተር ተሳፍሬ ቡኮቶ፣ ከማል ሱቅ ሄድኩ። ከማል እንደኔው ከአገር ቤት የመጣ የወሎ ልጅ ነው፤ እሱም እንደኔ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በየሐይቁ ዳር ይልካል።

«ጋሼ! ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ይሄን ቋጠሮ ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ሱቁን የከፈትኩ ጊዜ መጥተው፣ እንዲህ ካላሰርክ መንገድ ላይ ይዘርፉሃል ብለው፣ ጣቴን ይዘው አላሳዩኝም?»

እውነት ነው። አሳይቼዋለሁ።

«እሰር አልኩህ እንጂ ቆሻሻ እሰርበት አልኩህ?»

«ጋሼ፣ ሰዉ የመላኪያ አልከፍልም ይላል። እና እኔ ከየት ላምጣው? ከመንጠቆው ነዋ!»

ጥዬው ወጣሁ... ምን ይባላል? ቋጠሮ ተሰረቅኩ ብዬ ማን ዘንድ ልክሰስ?

ተመልሼ ሁሉንም ለካቶ ነገርኩት። ሳቀ።

«የአንድ አገር ሰዎች ስትጣሉ እንዲህ ናችሁ። ነገ ትታረቃላችሁ።»

ቋጠሮው ካልተነካ ተጠያቂው እኔ ነኝ ብያለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። አምስት ደህና መንጠቆ ከራሴ አወጣሁ፣ አንድ በአንድ በፒንሳ ስቤ ሞከርኩ፣ ጠቀለልኩ። እጄ ሌላ አስተሳሰር አያውቅም... በዚያው ቋጠሮ አሰርኩት።

ካቶ ፊቱ በራ።

«ይሄ ነው ሙዜ! እንግዲህ ከቡኮቶው አዛለሁ፣ መላኪያው ነፃ ስለሆነ። ከተቃና ደግሞ ወደ እርስዎ እመጣለሁ።»

ቋጠሮውን ቀይረው የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልቀይረውም፤ የኔ ነው። እናንተም እንዳታነሱብኝ... ከዛሬ በኋላ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም።