የጠቆምሁት ፖም

አምባ ጊዮርጊስ ልጅ ሳለሁ ምሽቱ የአያ ተገኘ ነበር። አያ ተገኘ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ራት ተበልቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተረት ይጀምራሉ፤ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም እኛ ልጆች ከአጠገባቸው አንነሳም።

ያኔ በጓሯችን አንድ የፖም ዛፍ ነበረን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያፈራ እናቴ በኩራቱን ለማርያም ተሳለች፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ ማንም እንዳይቀምሰው፣ እንጭጩንም ፍሬ ማንም በጣቱ እንዳይጠቁም አስጠነቀቀችን። በእኛ አገር ለጋ ፍሬ በጣት ከተጠቆመ ይረግፋል ይባላል። እኔ ግን ለጎረቤታችን ለእትዬ የሺ ፖሙን ሳሳይ ጣቴ አመለጠኝ። እሳቸውም «አቤት ሲያምር! ሸጋ ነው» ብለው አደነቁ።

ሳይቆይ ፍሬው መርገፍ ጀመረ። እናቴ አረንጓዴውን ፖም ከመሬት እየለቀመች «የየሺ ዓይን ነው! እንዲያ ስታደንቀው ሰምቻታለሁ» አለች፤ ሰላምታም ነሳቻቸው። እትዬ የሺ በአጥራችን ሥር አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ ባየሁ ቁጥር ጣቴን በቀሚሴ እጥፋት እሸሽግ ነበር። የማርያምን ስለት ያበላሸሁ እኔ፣ ሰላምታ የተነፈጉት እሳቸው፤ ለመናገር ደግሞ ፈራሁ።

አንድ ምሽት አያ ተገኘ የጅብ ተረት ገና ሲጀምሩ እንባዬ መጣ።

«ምነው አንች፣ ጅቡ ሳይመጣ?» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ።

«ፖሙን የጠቆምሁት እኔ ነኝ፤ እትዬ የሺ አይደሉም» አልሁ።

አያ ተገኘ ከረገፈው ፖም አስመጡና አንዱን በቢላ ለሁለት ከፈሉት። ከዘሩ አጠገብ ራሱ ቡናማ፣ ገላው ቀላ ያለ ትል ተጠማዘዘ፤ ዙሪያው በኩሱ ጠቁሯል። ሌላውንም ከፈሉ፤ እንደዚያው ነው።

«ይኸ የማን ጣት ነው? ጥርስ አለው እኮ!» አሉና እናቴን ዞር ብለው አዩአት። ቀጥለውም ኩራዙን የምትዞረውን የእሳት እራት እያሳዩኝ «እናቱ እንደዚች ያለች ናት፤ እንቁላሏን ፍሬው ላይ ትጥላለች፣ ልጇ እየበላ ይገባል» አሉኝ። የዚያን ምሽት ተረት ስለ እሷ ሆነ፤ ቤት አጥታ ልጇን በሰው ቤት ስላስጠጋች እናት፣ የተቀበለውን ቤት ግድግዳውን ስለበላው እንግዳ።

ሲነጋ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እትዬ የሺ ዘንድ ሄደች፤ ተከተልኋት።

«ይቅር በይኝ የሺ፣ ትል ነው ለካ።»

እትዬ የሺም «ዓይኔ ይኸን ያህል ከሠራማ፣ ያንቺን ፖም ትቼ የአማቴን ምላስ ነበር የማረግፈው!» አሉ።

ተያይዘው መጡና የረገፈውን አብረው ለቅመው አቃጠሉት። ከዛፉ ላይ የተረፈው ጥቂት ፖም ለማርያም ደረሰ።

ያን ተረት ዛሬ ለልጆቼ ልንገር ስል መሐሉ ይጠፋኛል። አርባውን አልፌም ክፉ ነገር ሲሆን አስቀድሜ ራሴን መክሰሴን አልተውሁም። ግን ጭንቀቱ ሲበረታብኝ ያ ጠዋት ትዝ ይለኛል፤ የሁለቱ ሴቶች ሳቅ ተደባልቆ ጓሮውን ሲሞላው፣ እኔም ከኋላቸው ቆሜ ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ ትንፋሽ ስስብ።