ዘርፈሽ ልጅ አላስርም ያለችበት ክረምት

ዘርፈሽ በአራት ዓመቷ ከእሳት የተረፈችው ጎረቤት ፈጥኖ ስለደረሰ ብቻ ነው። እናቷ ጤፍ ልታርም ስትሄድ እንደ አገሩ ልማድ መቀነቷን ፈትታ ልጅቱን በወገቧ ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰረቻት። ማሰሩ ከክፋት አልነበረም፤ ሕፃን ምድጃ ውስጥ እንዳይገባ፣ ወጥቶም ጎርፍ እንዳይወስደው ተብሎ ነው። ሞጣ አጠገብ ባለው በዚያ መንደር በአረም ወቅት ሕፃን የማይታሰርበት ቤት ጥቂት ነበር። የዚያን ቀን ግን እሳቱ ራሱ መጣ። ከምድጃው የተፈናጠረ ፍም ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን ገለባ ያዘው። እሳቱ ወደ ምሰሶው ሲቀርብ ልጅቱ መሸሽ ስላልቻለች በግራ እጇ እየመታች ልታጠፋው ሞከረች። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ገብቶ መቀነቱን በማጭድ ቆርጦ አወጣት። ከግራ እጇ ሁለት ጣት ቀረላት።

ካደገች በኋላ ልብስ ሰፊውን ገላውን አግብታ ቢቸና ገባች። ልጅ አልወለደችም። የሚኖሩበት ቤት የወይዘሮ የሺእመቤት ነበር፤ ወይዘሮዋ በሰፈሩ ቃላቸው የማይታጠፍ ባለጸጋ ናቸው።

በ1958 ዓ.ም. ክረምት አንድ ጠዋት ዘርፈሽ እሳት ልትጭር ከጎረቤቷ ከአምሳለች ቤት ገባች። አምሳለች ለአረም ወጥታ፣ የሁለት ዓመቱ ልጇ ያየህ ከምሰሶው ታስሮ፣ ከማልቀስ ብዛት ድምፁ ተዘግቶ አገኘችው። እሳቱን መጫሯን ትታ ልጁን ፈትታ አዝላው ሄደች። ማታ እናቱ እየሮጠች ስትመጣ ዘርፈሽ ነገም እንድታመጣው፣ እሷ ቤት ግን ልጅ እንደማይታሰር ነገረቻት። ወሬው ተሰማና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ ስምንት ሆኑ።

ሥራ የፈታ ሕፃን ወደ እሳት እንደሚሄድ ታውቃለችና እጃቸውን ባዶ አትተውም። ከፍ ከፍ ያሉት፣ ገላው ክሩን የጨረሰባቸውን የእንጨት ማጠንጠኛዎች በሲባጎ ይሰካሉ። ትንንሾቹ ከገበቴ ወደ ገበቴ ውኃ በቅል ይቀዳሉ፤ ሲደፉት አትቆጣም፣ የሚወለውሉበት ጨርቅ ትሰጣቸዋለች። ብጣሽ ጨርቅ ሥር ዕቃ ደብቃ በዳሰሳ ምንነቱን ታስገምታቸዋለች። ባቄላና ሽምብራ ቀላቅላ ታስለያቸዋለች። ከጓሮ ባመጣችው ጭቃም ላም ይሠራሉ። ላሞቹ የሚደርቁት ከምድጃው ሁለት እርምጃ መለስ ብሎ በተደረደረ ድንጋይ ላይ ነው። ድንጋዩ በረት ተብሏል፤ ከበረቱ ማዶ ማለፍ ክልክል ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከስምንቱ አንዱ፣ የወይዘሮ የሺእመቤት የልጅ ልጅ የሦስት ዓመቱ ታዘበው፣ አንዲት ሽምብራ አፍንጫው ውስጥ ከተተ። የጤና ጣቢያው ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ በወረንጦ አወጣለት። ወይዘሮዋ በዚያው ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ከነገ ጀምሮ ልጆቹን ሁሉ እንድታስር፣ ካልሆነ ቤቱን እንድትለቅ ነገሯት። ገላው ከስፌት መኪናው ተነሥቶ ሊለምን ሲል ዘርፈሽ በዓይኗ መለሰችው።

"ሽምብራው የኔ ጥፋት ነው" አለች። "ለሕፃን ጥቃቅን ነገር መስጠት አልነበረብኝም፤ ሁለተኛ አይደገምም። ልጅ ግን አላስርም።"

"በሁለት ጣትሽ ስምንት ልጅ ልትይዢ?"

"ለኔ ሁለቱ በቅተውኛል፣ እትዬ። እርስዎ አሥር ጣት ይዘው አንድ የልጅ ልጅ ማጫወት አቅቶዎት አይደል ለምሰሶ የሚሰጡት?"

ገላው አንገቱን ደፋ። ወይዘሮዋ ምርኩዛቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እንዲህ የተናገራቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። ዘርፈሽ ግን አላበቃችም። ነገ መጥተው እስከ ቀትር እንዲቀመጡ፣ እሳቱም እንደሚነድ፣ ከስምንቱ አንዱ በረቱን ካለፈ በዚያው ቀን ቤቱን ለቅቃ እንደምትወጣ ነገረቻቸው።

"ባያልፍስ?"

"ባያልፍ መቀነት የሚባል ነገር ሁለተኛ አያነሡብኝም።"

በማግስቱ ዝናቡ ገና ከጠዋቱ ያዘ። ወይዘሮዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከምድጃው አልነቀሉም። ዘርፈሽ ሽምብራውን አንሥታ በምትኩ የበቆሎ ቆረቆንዳ አቅርባለች፤ ልጆቹ ትልቁን ከትንሹ እየለዩ ይደረድራሉ። ያየህ ገበቴውን ገለበጠና ውኃው እስከ ወይዘሮዋ እግር ደረሰ። ጨርቁን አንሥቶ ወለሉን ጠረገ፤ ከዚያም ማንም ሳያዘው የወይዘሮዋን እግር ወለወለ።

ንፍሮው ሲንተከተክ፣ ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ታዘበው ያልደረቀ የጭቃ ላሙን በሁለት እጁ ይዞ ተነሣና ቀጥታ ወደ ምድጃው አመራ። ወይዘሮዋ ብድግ አሉ። ዘርፈሽ ዘልላ ልትይዘው ትችል ነበር፣ ነገር ግን አልተነሣችም።

"ይተዉት፣ እትዬ" አለች።

ልጁ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እንጨቱ ሲንጣጣ ነበልባሉን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ላሙን ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠ፣ "ላሜ ርቧታል" አለና ሣር ፍለጋ ተመለሰ።

ወይዘሮዋ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ቀትር አልፎ ሲሄዱ ልጁን ነገ በጠዋት እንደሚልኩት ብቻ ተናገሩ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ዘርፈሽም አልጠበቀችም።

ከዚያ በኋላ ሰባት ክረምት ልጆች ሰበሰበች። ወድቆ የተፈነከተ ነበር፤ የወቀሷት እናቶችም ነበሩ። የተቃጠለ ግን አንድም የለም። በመጨረሻው ክረምት አምሳለች፣ ይህን ሁሉ ልጅ ከእሳት በማዳንሽ ደስ ሊልሽ ይገባል ብትላት ራሷን ነቀነቀች።

"ከእሳት ማዳኑን መቀነትም ያደርገዋል" አለች። "የኔ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ያልታሰረ ልጅ ጭቃው ሲሰለቸው ጥሎት ይነሣል፤ ቅሉን ስሰጠው እምቢ ይለኛል። እምቢ ያለኝን ልጅ ሁሉ ወድጄዋለሁ። እንዲህ እምቢ ማለትና ተነሥቶ መሄድ እየቻለ ወዶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ በዕድሜዬ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላገኘሁም።"