ለረዳት ነርስ ቦታ የለም

የረዳት ነርስነት ወረቀቴን ላገኝ ስል አርባ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። አገር ቤት ጤና ጣቢያ ስምንት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ፍራንክፈርት ውስጥ ግን ያ ዲፕሎማ ተቀባይነት አላገኘም። ስለዚህ የአንድ ዓመት ኮርስ ገብቼ አልጋ ማንጠፍና ደም ግፊት መለካት እንደ አዲስ ተማርኩ።

የመጨረሻውን ልምምድ የሠራሁት አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ብዙ የማታወራ፣ ቀጭን ነርስ ነበረች። ሲያልቅ እዚያው እንደምቀጠር በልቤ ጨርሼ ነበር።

ልምምዴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ አዛውንት ታመው እኛ ክፍል ተኙ፤ ጀርመን በተማሪነት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ። ቁርስ ሳስገባላቸው በአማርኛ ሰላም አልኳቸው።

"ነርስ ነሽ፣ ልጄ?"

"ረዳት ነኝ፣ አባባ።"

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስገባ ከንፈራቸው ጠቁሯል።

"ምን ይሰማዎታል?"

"ትንሽ ትንፋሽ አጠረኝ። ሰዎቹን አታስቸግሪ።"

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። አንዱ ባታቸው አብጦ ይፋጃል። ለተረኛዋ ነርስ ስነግራት "መድኃኒት ላድልና እመጣለሁ" አለች። ቀጥታ ወደ ኃላፊዋ ሄድኩ።

"የረጋ ደም ሳንባቸው የገባ ይመስለኛል" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ተነሣች። ሐኪሞቹ እየሮጡ መጥተው ወሰዷቸው። እንዳልኩት ነበር። ተረፉ።

በመጨረሻው ቀን ኃላፊዋ ቢሮዋ ጠራችኝ።

"ያን ቀን ያየሽውን ሌላ ሰው ላያየው ይችል ነበር" አለች። "ግን ቦታ የለኝም። ረዳት ሲለቅ በምትኩ አንቀጥርም፤ የሚፈለገው ሦስት ዓመት የተማረ ነርስ ነው። የአረጋውያን መኖሪያ ሞክሪ፤ እዚያ ወዲያው ይወስዱሻል።"

"እሺ፣ አመሰግናለሁ" አልኩ።

ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል። የቀሩትን አንሶላዎች አጣጥፌ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ በአውቶቡስ ዞሰንሃይም ሰፈር ቤቴ ገባሁ። ልጄ በጀርመንኛ "ወሰዱሽ?" አለችኝ። "አልወሰዱኝም" ብያት ድንች መላጥ ጀመርኩ።

አዛውንቱ ደውዬ ስነግራቸው ተቆጡ። ለሆስፒታሉ አስተዳደር ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። የመጣላቸውን መልስ በስልክ አነበቡልኝ፤ ስለ መልካም ቃልዎ እናመሰግናለን ይላል። ሌሎች ሆስፒታሎችም አመለከትኩ። መልሳቸው ያው ነበር፤ አንዳንዱን ፖስታ ሳልከፍት ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ጣልኩት።

ግሪስሃይም ሰፈር ያለው የአረጋውያን መኖሪያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "መቼ ትጀምሪያለሽ?" ሰኞ ጀመርኩ። አጠብኩ፣ አበላሁ፣ የሞቱትን ዓይን ከደንኩ። ሁለት ዓመት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ከዚያ መኖሪያው የሦስት ዓመቱን የነርስነት ትምህርት ላስተምርሽ አለኝ። ፈረምኩ፤ ከልጄ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ እያጠናሁ ጨረስኩ።

በዚያን ጊዜ ሆስፒታሎቹ ነርስ አጥተው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሳይቀር ማስታወቂያ ለጥፈው ነበር። ልምምድ የሠራሁበት ሆስፒታልም አለበት። ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አላመለከትኩም። ልጄ ለምን ስትለኝ የሥራ ልብሴን አጣጠፍኩ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መኖሪያው ውስጥ ፈረቃ ነበረኝ፣ ወደዚያው ሄድኩ።