ካፖርት የለበሱት ዘበኛ

በቆላ ከተማችን፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ በአንድ ዝግ መሥሪያ ቤት በር ላይ፣ በዚህ በመጋቢት ሐሩር ወፍራም ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ። መሥሪያ ቤቱ ሙቀቱ እስኪያልፍ ወደ ደጋ ከተማ ሲዛወር፣ ኃላፊው «መኪና እንልክልዎታለን፤ ተዘጋጅተው ይጠብቁ» ብለዋቸዋል። ከእግራቸው ሥር የታሰረ ፌስታል አለ። የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ብድግ ይላሉ። ምሳቸውን እንኳ ቆመው ነው የሚበሉት።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። «አባባ፣ መኪናው እስኪመጣ ካፖርቱን ቢያወልቁትስ?»

«ስለብስ ትተውኝ ቢሄዱስ?» አሉና ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

ዛሬ ዝናቡ ወረደ፤ ሙቀቱም አለፈ። ወደ ደጋ የሄዱት ሠራተኞች ሰኞ እንደሚመለሱ ሰምቼ ልነግራቸው ስሄድ፣ የካፖርታቸውን የአንገት ቁልፍ ሲቆልፉ አገኘኋቸው።

«ዝናቡ ነው መኪናውን ያዘገየው» አሉኝ።