ከጣውላ ላይ የላጥኩት ሸሚዝ

ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ሥዕል እሠራ ነበር። ሸራ መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ፣ ጭነት ክፍል የሚሠራው ወንድሜ የተጣለ የሣጥን ጣውላ ያመጣልኛል። ቀለም ሲያጥረኝ ጨርቅ፣ አክርማና አዝራር በኮላ መለጠፍ ጀመርኩ፤ ኋላ ቀለም ሲገኝም አልተውኩትም። ዳር ዳሩን እናቴ መሶብ ላይ የምትሰፋውን ጌጥ እከተላለሁ፤ መሐሉ ላይ የሰፈሬን ሰው አደርጋለሁ።

ጨርቁን የሚሰጡኝ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አንድያ ልጃቸውም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። አንድ ቀን ከቁርጥራጩ ጋር ሰማያዊ ባለ ዳማ ሸሚዝ ጨምረው ሰጡኝ።

«የልጅዎ አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

«ጠቦታል እኮ፣ ልጄ። ሲሄድም ትከሻው ላይ ይይዘው ነበር፤ አሁንማ ጎርምሷል። ሲመጣ አዲስ እሰፋለታለሁ።»

ያን ጊዜ ቦኖ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶችን እየሠራሁ ነበርና ሸሚዙን ቆራርጬ አለበስኳቸው። ኪሱን ግን ሳልፈታ፣ ከፊት የቆመችው ሴት ደረት ላይ ለጠፍኩት። ሥራው ሲያልቅ ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ውይ! የልጄ ሸሚዝ ውሃ ሊቀዳ ወጣ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የልጃቸው መርዶ መጣ።

አስከሬን የለም። በኛ ደንብ የሟች ልብስ ወጥቶ ይለቀስበታል፤ ሌላውን ልብሱን ይዞት ስለሄደ ከሳቸው ቤት የተገኘችው ግን አንዲት የተማሪነት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበረች። በማግስቱ እህታቸው መጥታ በሬ ላይ ቆመች።

«ያ ሸሚዝ አለ ወይ ትላለች።»

«አለ» አልኩ።

ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከርኩ፣ በቢላ ጠርዝ ስልጥ ዋልኩ። እጅጌው እጄ ላይ ተበጣጠሰ። ደኅና ሆኖ የወጣው ኪሱ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ካርቶን ደርቋል፣ ጥጉን ቀይ ቀለም ነክቶታል። ቀዩን ብፈትገው፣ ብፈትገው አልለቅ አለኝ።

ድንኳኑ ውስጥ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አፍንጫቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

«ኮላ ኮላ ይላል» አሉ ቀስ ብለው።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ኪሱን ነጠላ ላይ በመርፌ አያይዘው ከፎቶው ጎን ሲዘረጉት ሴቱ ሁሉ ጮኸ፤ እኔ ግን ጥግ ላይ ተቀምጬ እንባዬ እምቢ አለኝ።

ከአርባው በኋላ ኪሱን አጥበው ገመድ ላይ ሲያሰጡት በመስኮቴ አያለሁ። ያጥቡታል፣ ሲደርቅ ያሸቱታል፣ መልሰው ይዘፈዝፉታል። አንድ ጠዋት እርጥቡን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ኮላ በምን ይለቃል?»

«አይለቅም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ልተወው» አሉና መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። «ብቻ እንዳትጨነቂ። የሰጠሁሽ እኔ ነኝ።»

ክረምቱ ሳይገባ ቤቱን ለቀው ከእህታቸው ጋር ወደ አገር ቤት ሄዱ። የስፌት መኪናቸውን ከወንድሜ ጋር ተሸክመን መኪና ላይ ጫንንላቸው። ሳሙኝ፤ እኔም ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፣ መኪናው ተነሣ።