ከሰባት ተኩል በኋላ ዜሮ

አርፌ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ባለቤቴ "እግርህ ላይ ሞተር ገጥመውልሃል" ትለኛለች። ሪያድ በኖርንባቸው ዓመታት ደግሞ ባሰብኝ። ቤት ስገባ ከጫማዬ በፊት የማስበው የማቀዝቀዣውን ልክ የሚወስነውን የግድግዳ ቴርሞስታት ነው። አንድ ዲግሪ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ አንድ ዲግሪ ከፍ። እሷ እራት ስታቀርብ እኔ ብድግ፣ እሷ ስትቀመጥ እኔ ብድግ። "ኧረ ኸላስ፣ ተወው! እሱም ይረፍ እኛም እንረፍ" ትላለች።

ምን ላድርግ፣ እንጀራዬም ይኸው ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአንድ የምህንድስና አማካሪ ቢሮ ተቀጥሬ የሕንፃዎችን የመብራት ፍጆታ በኮምፒውተር አሰላ ነበር። የሕንፃው ግድግዳ፣ መስኮትና ጣሪያ ለፕሮግራሙ ይነገረዋል። ከዚያ በየሰዓቱ ስንት ሰው ውስጥ እንደሚገኝ፣ ስንት መብራት እንደሚበራ፣ ቴርሞስታቱ በስንት ዲግሪ ላይ እንደሚቆም በሰንጠረዥ ይሞላለታል። ፕሮግራሙም ዓመቱን ሙሉ ሕንፃው ውስጥ የኖረ ያህል አስልቶ ውጤቱን ይነግረናል። የግድግዳው ነገር ቀላል ነው፣ ሜትር ይዞ መለካት ነው። ጣጣው ያለው ሰንጠረዡ ላይ ነው፤ የሰው ነገር ስለሆነ።

አንድ መስከረም አለቃዬ፣ ነሲም በሚባል ሰፈር ያለ ባለ ሦስት ፎቅ የግል የሴቶች ትምህርት ቤት ሰጠኝ። ባለንብረቱ የመብራት ወጪ አንገሽግሾት ማቀዝቀዣዎቹን በሰዓት የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ሊያስገጥም ነው። ስንት ሰዓት ይብራ፣ ስንት ሰዓት ይጥፋ የሚለውን የምንወስነው እኛ ነን። ችግሩ፣ ተማሪዎቹና አስተማሪዎቹ ባሉበት ወንድ ወደ ግቢው አይገባም። እኔ የምገባው ሐሙስና ዓርብ ብቻ ነበር፤ ያኔ የዕረፍት ቀናቱ እነዚህ ነበሩ። ወንበር ቆጠርኩ፣ አምፖል ቆጠርኩ። ሰው ግን አንድም አላየሁም።

ባለቤቴ ግን በየቀኑ ትገባ ነበር። አገር ቤት አስተማሪ ነበረች፤ ሪያድ ያገኘችው ሥራ ግን እዚያው ትምህርት ቤት ማጽዳትና ለአስተማሪዎቹ ሻይ ማፍላት ነው። ከፊሏም፣ ማለት ዋስ ሆኖ ያስመጣት አሠሪ፣ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ኢቃማዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በእነሱ ስም። ይህን በቢሮዬ ማንም አያውቅም። ሚስትህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ "ትምህርት ቤት" እላለሁ። "ማሻአላህ፣ አስተማሪ ናት!" ሲሉ ዝም እላለሁ። ዋሽቼ አላውቅም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። እውነቱ ግን አፍሬ ነበር።

ስለዚህ ማታ ማታ እራት ላይ መጠየቅ ጀመርኩ። ቁጭ ብዬ አይደለም፤ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ሳሎኑን እየዞርኩ ነው።

"ጠዋት መብራት የሚበራው ስንት ሰዓት ነው?"

"አሥራ ሁለት ተኩል። እኔ ነኝ የማበራው።"

"ሦስተኛ ፎቅ ቴርሞስታቱ ስንት ላይ ነው?"

"የሒሳብ አስተማሪዋ ካለች በረዶ ነው፣ ከሌለች ደህና ነው" ብላ ሳቀች። የርዕሰ መምህሯ ክፍል ቴርሞስታት ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ እንደሆነ ነገረችኝ። የአስተማሪዎቹ ክፍልም ሣጥን አለው፤ ለእሱ ግን ዘዴ አግኝተዋል። "ሙከይፉ፣ ማቀዝቀዣው፣ አልነሳ ሲል የፈላ ሻይ ከሥሩ አስቀምጪ ይሉኛል። እንፋሎቱ ሲነካው ክፍሉ የሞቀ ይመስለውና ይነሳል።" ይህን ስሰማ ከደስታዬ ብዛት ደብተሬን ወረወርኩት። የትኛው መጽሐፍ ይህን ይነግረኛል?

ሥራዬን ተጠንቅቄ ነው የሠራሁት። ፕሮግራሙ የፈረንጅ ስለሆነ የዕረፍት ቀን ቅዳሜና እሑድ ነው ብሎ ያምናል፤ ወደ ሐሙስና ዓርብ አዞርኩት። ረመዳን በየዓመቱ አሥር ቀን ያህል ቀድሞ እንደሚመጣ አስቤ ለእሱም ለብቻው ሰንጠረዥ ሠራሁ። የሶላት ሰዓትን፣ የፈተና ሳምንትን፣ ሁሉን አስገባሁ። ተማሪዎች ከሰዓት ሰባት ሰዓት ላይ ይወጣሉ፣ አስተማሪዎች ሰባት ተኩል። ከሰባት ተኩል በኋላ ባሉት ቦታዎች ሁሉ ዜሮ ሞላሁ። ዜሮ መሙላት ደስ ይላል፤ ቁጠባውን ያሳምረዋል። መረጃው ከየት ተገኘ በሚለው ቦታ "ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር" ብዬ ጻፍኩ። ሪፖርቱን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና እንደወትሮዬ መኪናዬን አስነስቼ ባለቤቴን ልወስዳት ሄድኩ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ቆሜ ነው የምጠብቃት።

መቆጣጠሪያው በጥር ዕረፍት ተገጠመ። የሪያድ ጥር ብርድ ስለሆነ ማቀዝቀዣ መጥፋቱን ማንም ልብ አላለም። እኛም በዚያ ሰሞን ሌላ ሐሳብ ነበረን፤ ባለቤቴ አርግዛለች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልቆዩልንም። ሐኪሟ "ድካምና ሙቀት አይንካሽ" አለቻት። ሥራውን መተው ደግሞ አትችልም፤ ኢቃማዋን ወደ እኔ ለማዛወር የጀመርነው ወረቀት አላለቀም፤ ከተወች ወደ አገር ቤት መመለስ ነው። ትምህርት ቤቱ በሰኔ ይዘጋል። "እስከ ሰኔ ብቻ፣ ኢንሻአላህ" ትለኝ ነበር፣ ማተቧን እየነካካች። (ልጃችን በመስከረም በሰላም ተወለደች። ቀድሜ የምናገረው አንባቢ እንዳይጨነቅ ነው፤ እኔ ግን ያኔ ይህን አላውቅም ነበርና እንደ እብድ ነበር የምሆነው።)

ሚያዝያ አልቆ ሙቀቱ እንደገባ፣ አንድ ቀን ሻሿ በላብ ርሶ ወጣች። መኪናው ውስጥ ገብታ ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

"ሙከይፉ ሞቷል" አለችኝ። "በየቀኑ ሰባት ተኩል ሲል ጭጭ ይላል። እኛ ሦስት ፎቅ ገና ልንጠርግ ነው፣ እሱ ይተኛል። ዛሬ የፈላ ሻይ አስጠጋሁለት። ሁለት ብርጭቆ! አልነሳም አለ።" ደክሟትም ቢሆን ሳቀች። "እናንተ መሐንዲሶች መጥታችሁ አታዩትም?"

ቀልቤ ተገፈፈ። ሻይ እንደማያስነሳው አውቃለሁ። ከሰባት ተኩል በኋላ ቴርሞስታቱን የሚሰማው የለም፤ ማቀዝቀዣው የሚሰማው የእኔን ሰንጠረዥ ነው።

"ይጠገናል" አልኳት።

ሁለት ቀን ሙሉ መናገር አቃተኝ። ቢሮ ውስጥ ከወንበሬ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ውሃ መጠጫው ስመላለስ ዋልኩ። ሪፖርቱ ስህተት ነው ካልኩ ማን ነገረህ እባላለሁ፤ ማን እንደነገረኝ ካልኩ ሚስቴ ጽዳት ናት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር አመዛዝን ነበር፣ እሷ ደረጃ እየጠረገች። በሦስተኛው ቀን ስትወጣ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ደግፋ አመጣቻት። "ደረጃው ላይ ተቀምጣ በካርቶን ሳራግብላት ነበር፣ ወንድሜ። ሐኪም ቤት ውሰዳት" አለችኝ። ባለቤቴ ሆዷን ይዛ "እየጠጠረ ነው" አለች። ሐኪሟ መርምራ ልጁ ደህና ነው አለችን፤ ግን አንድም ቀን እንዲህ እንዳይደገም።

በማግስቱ ጠዋት አለቃዬ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ገባሁበት።

"መሐንዲሱ፣ ተቀመጥ እንጂ" አለኝ። አልተቀመጥኩም።

"የትምህርት ቤቱ ሰንጠረዥ ስህተት ነው። ከሰባት ተኩል በኋላ ሰው አለ።"

"ማን?"

"ጽዳቶቹ። አራት ሴቶች።"

"ለአራት ሴት ሦስት ፎቅ ይቀዝቅዝ? ደግሞ አስተዳደሩ ማንም የለም ብሎህ የለም?"

"አስተዳደሩን አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ባለቤቴን ነው። እዚያ ታጸዳለች። ነፍሰ ጡር ናት።"

መነጽሩን አወለቀ። "አስተማሪ ናት ብለኸኝ አልነበረም?"

"እርስዎ ነዎት ያሉት። እኔ ዝም አልኩ።"

ይሰድበኛል ስል ስልኩን አነሳና የመቆጣጠሪያውን ሰዎች ጠራ። እኔም ያን ቀን ምሳ ሳልበላ ሰንጠረዡን አስተካከልኩ፤ የሚጸዳው ፎቅ ብቻ በተራ እንዲቀዘቅዝ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ቁጠባው ቀነሰ፣ ባለንብረቱም አጉረመረመ። ያጉረምርም።

ሰኞ ዕለት ሻሿ ደርቆ ወጣች። መኪናው ውስጥ እንደገባች "ተነሳ! ሻይም አላስፈለገው፣ ተጠግኗል!" አለች።

እዚያው ጸጥ ብዬ ባልፈው ይሻለኝ ነበር፤ አልቻልኩም። "ተበላሽቶ አልነበረም" አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ዜሮውን፣ አስተዳደሩ ያልኩትን፣ ቢሮ ውስጥ ዝም ያልኩትን። ዓይኗ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበር።

"የተማሪዎቹን ሰዓት ነገርኩህ። የአስተማሪዎቹንም ነገርኩህ" አለች ቀስ ብላ። "የእኔን ለምን አልጠየቅኸኝም?"

"ረሳሁት" አልኩ።

ወደ እኔ ዞረች። "በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ቆመህ የምትጠብቀው ማንን ነበር?"

እጄ የመኪናውን ማቀዝቀዣ ሊነካካ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። ሞተሩን ሳላስነሳ፣ እግሬንም ሳላንቀሳቅስ፣ ቁጭ አልኩ።